የሰብለ ፊት፣ የወጋየሁ ድምፅ

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማንበቤ በፊት ሰምቼዋለሁ። በእኔ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ አብዛኛው እንዲሁ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን በደርግ ዘመን፣ በኢትዮጵያ ሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት፣ በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ አንደበት ነው። ስለዚህ ሰዎች «ይህ ልብ ወለድ ፊልም ይሁን፣ አይሁን» ብለው ሲከራከሩ ስሰማ ሐሳቤ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፊልም አይደለም፤ ወደ እማማ ሬዲዮ ነው።

ጉለሌ ባደግሁበት ግቢ ብዙ ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖር ነበር። እማማ የሁሉም ጎረቤት፣ የልጆቹ ሁሉ እናት ነበሩ። ሬዲዮናቸው ዳንቴል ለብሶ ቡፌው ላይ ይቀመጣል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ለወጋየሁ እንዲቆይ ሲባል ለዜና እንኳ የማይከፈትበት ቀን ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ወለል ይደረጋል። እናቴ እንዝርቷንና ጥጧን ይዛ ትገባለች፤ አንዷ ጎረቤት ምስሯን በሰፌድ ይዛ እየለቀመች ታዳምጣለች፤ እኛ ልጆቹ ደፉ ላይ እንኮለኮላለን። ማውራት ክልክል ነው። ሕፃን ካለቀሰ እናቱ አዝላው ትወጣና መስኮቱ ሥር ቆማ ትሰማለች።

ወጋየሁ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ የቤቱ ሰው ሁሉ ትከሻውን ይሰበስብ ነበር። ጉዱ ካሣ ሲናገር ንዴቱና ሐዘኑ ተደባልቆ ይመጣል፤ ምኑ ላይ እንደሚያሥቅ፣ ምኑ ላይ እንደሚያሳዝን ሳይገባኝ እንኳ ዝም ብዬ እሰማው ነበር። በዛብህ ሰብለ ወንጌል ፊት ቃል ሲያጥረው እኔም ቃል ያጥረኝ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር።

እማማ ማንበብ አይችሉም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ስማቸውን እንዲጽፉ አስችሏቸዋል፤ ከዚያ አላለፉም። ልብ ወለዱን ግን ከማንም አንባቢ ባላነሰ ያውቁት ነበር። በማግስቱ ቡና ላይ ክርክሩ ይነሣል። በዛብህን እናቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስላዋለች፤ ታዲያ ሰብለን ሲወድ ስለቱን አፈረሰ ወይስ አላፈረሰም? «ስለት ስለት ነው፤ ከሰጠች ሰጠች» ይላሉ እማማ። እናቴ በዚህ ነገር አትደራደርም፤ «እሱ መቼ ተጠየቀ? የሰው ነፍስ በግ ነው እንዴ!» ትላለች። ምስር ለቃሚዋ ጎረቤታችን መሐል ገብታ ጥፋቱን በሙሉ ፊታውራሪ መሸሻ ላይ ትጭነዋለች። እኔ ስለ መጻሕፍት መከራከር ምን እንደሆነ የተማርሁት ከእነዚህ ሴቶች ነው፤ ሦስቱም መጽሐፉን በእጃቸው ይዘውት አያውቁም።

አንድ ቀን «ሰብለ ምን ትመስል ይሆን?» ተባለ። እናቴ በልጅነቷ የሞተችባትን ታናሽ እኅቷን ነበር የምታየው፤ ቀጭን፣ አንገቷ መለሎ፣ ስትሥቅ አፏን የምትሸፍን። ለእማማ ሰብለ ጠይም ናት፤ ስለዚህ ጉዳይ ማንም እንዲናገራቸው አይፈልጉም። ምስር ለቃሚዋ ደግሞ «እኔ ፊቷ አይታየኝም፤ ድምጿን ነው የምሰማው» አለች። ያ ድምፅ የወጋየሁ እንደነበር ማንም ልብ አላለም።

መጽሐፉን ራሱን ያነበብሁት ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው፤ ቀብድ አስይዤ፣ በኪራይ፣ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነውን ጥራዝ በየቀኑ ኪራዩ እየቆጠረብኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ወጋየሁ ጆሮዬ ሥር ተቀምጦ ያነብልኝ ነበር፤ ላባርረውም አልፈለግሁም። ዛሬም መጽሐፉን ስከፍት እዚያው ነው። «የምንወደው መጽሐፍ አይነካ» የሚሉ ወዳጆቼን ይህን ነገር እጠይቃቸዋለሁ፦ የትኛው ነው ያልተነካው? «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና እኛ ልጆች ሳለን አንድ ታላቅ ተዋናይ ተቀብሎት፣ በራሱ ትንፋሽ አልፎ ነው የመጣልን። እሱን ደግሞ እንደ በደል ቆጥሮ የሚያማርር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በሁለተኛው ክርክር ላይ ስገኝ ጎረምሳ ነበርሁ፤ መጽሐፉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ነበር። ነቢይ መኮንን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ ነው። ያ ትርጉም እንዴት ከእስር ቤት እንደወጣ ስንሰማ መጽሐፉ በዓይናችን ሌላ ክብደት አገኘ። በሰፈራችን የነበረው ቅጂ ከብዙ እጅ የተነሣ ጥራዙ ተላቅቆ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ አንዱ መጀመሪያውን ሲያነብ ሌላው መጨረሻውን ይዞ ይጠብቃል። እኔ መሐሉን ቀድሜ ነው ያነበብሁት፤ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ስካርሌትን ያገኘኋት ባሏ ሞቶባት፣ አገሯ ተቃጥሎ ሳለ ነው።

የአንድ ጓደኛችን ወንድም ከውጭ የፊልሙን ካሴት ይዞ መጣ። ዴክ ያለበት ቤት እሑድ ከሰዓት ተሰበሰብን። ፊልሙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። መሐሉ ላይ የእረፍት ጽሑፍ ሲመጣ ያለቀ መስሎን የተነሣን ነበርን። መጽሐፉ ገና ሲጀምር ስካርሌት ቆንጆ እንዳልነበረች፣ ወንዶቹ ግን ይህን የማያስተውሉት በሌላ ነገሯ ተይዘው እንደሆነ ይነግረናል፤ በማያው ላይ የመጣችው ግን ቪቪያን ሌይ ናት፣ ዓይን የማይነሣባት ቆንጆ። ወንዶቹ ወዲያው ይቅር አልን። ካለቀ በኋላ ሁላችንም ስለ ቀሚሱ፣ ስለ አትላንታ ቃጠሎ፣ ስለ ሬት በትለር ጺም እያወራን ሳለ ከመካከላችን በንባብ የምትበልጠን ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ልጆቿስ የት ሄዱ?»

መጽሐፉ ውስጥ ስካርሌት የሦስት ልጆች እናት ናት። ከመጀመሪያው ባሏ ዌድ፣ ከሁለተኛው ኤላ፣ ከሬት ደግሞ ቦኒ። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ቦኒ ብቻ ናት። «ምን ችግር አለው፣ ጊዜ ስላጠረ ነው» አልናት። እሷ ግን አልተቀበለችንም። ዌድ እናቱን እየፈራ ያደገ ልጅ ነው፤ ያ ፍርሃት ስካርሌት ርኅሩኅ በሆነችበት ገጽ ሁሉ ጥግ ላይ ቆሞ ይመለከታታል። ሁለቱን ልጆች ስታወጣቸው፣ አለች፣ አንዲት ልጇ የሞተችባት ምስኪን እናት ትቀርሃለች፤ መጽሐፉ የጻፋት ሴት ግን ያቺ አይደለችም። ያ ንግግሯ ዛሬም አብሮኝ አለ። ፊልም መጽሐፍን የሚለውጠው በጨመረው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ በዝምታ የሚያወጣው ሰው እንዳለ ያሳየችኝ እሷ ናት።

ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ፊልም ሳነብ ሌላም የወጣ ነገር እንዳለ አወቅሁ። ልብ ወለዱ የስካርሌትን ሁለተኛ ባል ሞት ከዘረኛው ኩ ክለክስ ክላን ጋር አያይዞ፣ ስሙን ጠርቶ ይጽፋል፤ ፊልሙ ያንን ስም አይጠራም፤ ወንዶቹ ለአንድ «ስብሰባ» የወጡ ይመስላል። ባሪያው ጌታውን እንደሚወድ አድርጎ የሚያሳየው የመጽሐፉ ውሸት ግን እንዳለ ቀርቷል። የስካርሌትን ሞግዚት ማሚን ሆና የተጫወተችው ሃቲ ማክዳንኤል በዚያ ሥራ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይ ሆነች፤ ፊልሙ አትላንታ ውስጥ ሲመረቅ ግን የዘር ልዩነት ሕጉ ከአዳራሹ አስቀርቷታል። ለነቢይ ትርጉም ያለኝን ፍቅር ሳልቀንስ ይህን ሁሉ በልቤ ይዤ ነው ዛሬ የማስበው። የሚወጣውና የሚቀረው የሚመረጠው ለጊዜ ማጠር ብቻ አይደለም።

ሦስተኛውና ረጅሙ ክርክር «ፍቅር እስከ መቃብር» የቴሌቪዥን ድራማ ሊሆን ነው ሲባል የተነሣው ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ። ከሱቁ ፊት አግዳሚ ወንበር አለ፤ አጠገቡ አንዲት ልጅ ጀበና ቡና ትሸጣለች፤ ከሥራ መልስ የሚያርፍ ሰው አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወሬው እንደተሰማ ያ ወንበር ችሎት ሆነ።

ከቋሚዎቹ አንዱ በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ የተማሩ፣ እኛም «የኔታ» የምንላቸው ሰው ናቸው። ሌላዋ ብዙ ዓመት አማርኛ አስተምራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ የቀድሞ ተማሪዎቿ መንገድ ላይ «ቲቸር» እያሉ ስለሚያስቆሟት እኛም እንደዚያው እንላታለን። ሦስተኛው ሠርግም ፊልምም የሚቀርፅ ወጣት ካሜራማን ነው። ቀድማ የተቃወመችው ቲቸር ነበረች።

«ድራማው ከመጣ ማን ያነባል? ተማሪዎቼን አውቃቸዋለሁ። ፈተና ላይ የተዋናይዋን ጫማ ይጽፉልኛል» አለች።

መጽሐፍ ሻጩ ሣቀና ከመደርደሪያው ሁለት ቅጂ አወጣ። ወሬው ከተሰማ ወዲህ መጽሐፉን የሚጠይቀው ሰው እንደበዛ፣ አዟሪዎቹም ክንዳቸው ላይ ከደረደሩት ክምር እሱን ከላይ ማድረግ እንደጀመሩ ነገራት። ይህን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለወትሮው ስለ ሥራ ፈጠራና ስለ ሀብት የተጻፉ ትርጉሞች የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ሐዲስ ዓለማየሁ ተቀምጠው ነበር። ቲቸር ግን መግዛትና ማንበብ ለየቅል ናቸው ብላ አልበገር አለች፤ እዚህ ላይ እውነት አላት።

ቀጥላም ማርኬዝን አመጣች። ገብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተመውን «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ለፊልም አልሰጥም ብሎ ነው የሞተው። አንባቢዎቹ በገጸ ባሕርያቱ ላይ የየራሳቸውን አያትና የየራሳቸውን አጎት ፊት እንዲያዩ ይፈልግ ነበር፤ አንድ ተዋናይ ከመጣ ያ ሁሉ ፊት በአንድ ፊት ይተካል። ስትናገር እናቴና የሞተችው እኅቷ ትዝ አሉኝ። በእማማ ቤት የነበሩት ሰብለዎች ትዝ አሉኝ። ለዚህ ክርክር ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም፤ ፊት ሲመጣ ፊት ይሄዳል፣ ይህ የማይካድ ነው።

ካሜራማኑ ግን መልስ ነበረው። «ቲቸር፣ ልጆቹ ፈቅደዋል እኮ። ኮሎምቢያ ውስጥ፣ በራሳቸው በስፓኒሽ ቋንቋ፣ በተከታታይ ክፍል እየተሠራ ነው። ማርኬዝ የፈራው በሁለት ሰዓት ተቆርጦ፣ በእንግሊዝኛ እንዲሠራ ነበር። እኛም የእኛን በአማርኛ፣ በተከታታይ እንሥራው ነው የምንለው።» ያ ሥራ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ ቲቸር አየችው፤ ወደደችውም። ሐሳቧን ግን አልቀየረችም።

የኔታ እስከዚያ ዝም ብለው ፍንጃላቸውን ያሽከረክሩ ነበር። ሲናገሩ ስለ ፊት አልነበረም።

«የዲማ ጊዮርጊስ ተማሪ ሲቀመጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ማን ያሳያቸዋል? አኮፋዳውን እንዴት ያነግታል? በሰው ደጅ ቆሞ ‹በእንተ ስማ ለማርያም› ሲል ድምፁ የት ላይ ይወርዳል? በዛብህ ቅኔ የዘረፈ ሰው ነው። ቅኔ ዘርፎ የማያውቅ ልጅ ቅኔ ሲዘርፍ ብታሳየኝ እኔ በአንድ ቃል አውቀዋለሁ። ፊታውራሪ መሸሻም የአዲስ አበባ አማርኛ ሲናገሩ ከሰማሁ ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ።»

«አማካሪ ይቀጠራል፣ የኔታ» አለ ካሜራማኑ። «እርስዎን ራስዎን ቢጠሩዎትስ?»

የኔታ ጥቂት አሰቡ። «ቢጠሩኝ በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሰውየው ፊልሙን አልጠሉም፤ የሚያውቁት ዓለም በማያውቀው ሰው እጅ እንዳይበላሽ ነው የፈሩት። የብዙ ተቃዋሚ ፍርሃት ይኸው ይመስለኛል። የጎጃም ደጋ፣ የአብነት ትምህርት ቤቱ ጎጆ፣ የባላባት ቤት ግብር፣ እነዚህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ ያሉት በሚያውቅ ሰው እጅ ስለተጻፉ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ እዚያው ጎጃም ተወልደው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሰው ያደጉ ናቸው። ካሜራ ደግሞ የማያውቀውን ነገር መደበቅ አይችልም። ጸሐፊ «ቅኔ ዘረፈ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ካሜራ ግን ቅኔውን ራሱን ይጠይቃል።

ካሜራማኑ ደስ ብሎት የመጨረሻውን ትዕይንት ይስልልን ጀመር። «ሁለቱ በአንድ መቃብር። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሣል፣ ገደሉ ይታያል፣ ወንዙ ይታያል...»

የኔታ ፍንጃላቸውን አስቀመጡ። «ስንት አልህ?»

«ሁለት። በዛብህና ሰብለ።»

«ሦስት ናቸው! ጉዱ ካሣስ?»

ወንበሩ ጸጥ አለ። ቲቸር ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ካሜራማኑ ስልኩን አስቀመጠ። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ያውቀዋል፦ በዛብህ በመንገድ ላይ በሽፍቶች ተመትቶ ይሞታል፤ ሰብለ ትመነኩሳለች፤ በመጨረሻ ከሁለቱ ጋር ጉዱ ካሣም በዚያው መቃብር ያርፋል። እኛ የአገሩ ሰዎች የምናስታውሰው ግን ሁለቱን ነው። ርእሱ ራሱ «ፍቅር» ስለሚል፣ ዘፈኑም ቀልዱም በሁለቱ ስም ስለሚጠራ፣ ሦስተኛው ሰው ከልባችን ወጥቷል። ፊልም ሳይሠራ እኛው ራሳችን ቆርጠን አውጥተነዋል።

እኔ መናገር የጀመርሁት እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ ስለ ሰብለ ፊት ሲከራከሩ ዝም ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ልቤ ሞቀ። የእኔ ጭንቀት፣ አልሁ፣ ማን ሰብለን ይጫወታል አይደለም። ሰብለ ቆንጆ ትሆናለች፤ ይህን አንጠራጠርም። ጭንቀቴ የጉዱ ካሣ ንግግር ስንት ደቂቃ ያገኛል ነው። ካሣ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፤ በዚያው የባላባት ቤት የበላ፣ የጠጣ ሰው ነው፤ የወገኑን ሥርዓት ከውስጥ ሆኖ በመንቀፉ ነው «ጉዱ» የተባለው። ዘመዶቹ እብድ ያሉት እውነት ስለተናገረ ነው። ሁለተኛው ጭንቀቴ አበጀ በለው ነው። ገበሬዎቹ ከአቅማቸው በላይ ግብር ሲጠየቁ እምቢ ብለው፣ አበጀ በለውን መሪ አድርገው ፊታውራሪውን ይገጥማሉ፤ ያ ትልቅ ሰው ይሸነፋል። ይህ መጽሐፍ በ1958፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ላይ ሳሉ፣ በመንግሥት ከፍተኛ ሹመት ላይ በነበረ ሰው የተጻፈ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የደፈሩት ድፍረት በበዛብህና በሰብለ መሳሳም ውስጥ አይደለም ያለው፤ በጉዱ ካሣ አፍና በአበጀ በለው ጦር ላይ ነው። ይህን አውጥታችሁ ፍቅሩን ብቻ ብትተዉልኝ ያቺ የንባብ ጓደኛችን የዌድንና የኤላን ነገር እንደጠየቀችው እኔም እጠይቃለሁ።

ካሜራማኑ ክፉ አልመለሰም። «ጋሼ፣ ንግግር ለካሜራ ከባድ ነው። ሰው ቆሞ ሲያወራ ተመልካች ይሄዳል» አለ። ልክ ነው፤ ሙያው ነው፣ ያውቀዋል። ነገር ግን ወጋየሁ ንግግሩን በአንድ ማይክሮፎን ብቻ ተሸክሞት፣ ምስር የምትለቅም ሴት እጇን አቁማ እንድትሰማ አድርጓል። ይቻላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም በ1957 ዓ.ም. ነው ለተመልካች የቀረበው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዓመቱ ታተመ። ሲኒማችንና ትልቁ ልብ ወለዳችን የአንድ ዘመን ልጆች ሆነው ሳሉ ስልሳ ዓመት ገደማ ጎን ለጎን ኖረው በማያ ላይ ሳይገናኙ መቆየታቸው ያስቆጨኛል። «ይቅር፣ አይነካ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ሁሉ ያለፈ ጊዜ ፊቴ ላይ ይመጣል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እነዚያን ገጸ ባሕርያት ሊጫወቱ ይችሉ የነበሩ ስንት የብሔራዊ ቴአትርና የሀገር ፍቅር ተዋንያን አልፈዋል፤ ወጋየሁ ራሱ አልፏል።

በ2017 መጀመሪያ ድራማው በኢቢሲ መተላለፍ ሲጀምር የመጀመሪያውን ክፍል ያየሁት እማማ ዘንድ ነው። እማማ ዛሬ ከልጃቸው ጋር ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ጆሯቸው ግን ደኅና ነው። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ማያው ላይ የሚሆነውን ትነግራቸዋለች፤ «አሁን ሰውየው ፈረስ ላይ ነው፣ እማማ»፣ «አሁን ቤተ ክርስቲያን ነው»። እሳቸው ግን እጃቸውን እያወዛወዙ ያስቆሟታል፤ መስማት ነው የፈለጉት። ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ወጣት ሁሉ ስለ ልብሱ፣ ስለ መልክዓ ምድሩ፣ ስለ ተዋንያኑ ማንነት ይናገራል፤ አንዱ «ደስ ይላል» ይላል፣ ሌላው «እኔ እንዲህ አልነበረም የመሰለኝ» ይላል። ከመሐላቸው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበው አንድ ብቻ ነበር፤ በጣም የተቃወመውም በጣም የተንሰፈሰፈውም እሱ ነው።

ክፍሉ ሲያልቅ «እንዴት ነው፣ እማማ?» አልኋቸው።

«ድምፅ ይጎድለዋል» አሉ። «ወጋየሁ ሲናገር ቤቱ ይሞላ ነበር።» ትንሽ ቆዩና «የሚቀጥለው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ አንድ ክፍል እንዳያመልጣቸው ልጃቸውን ሰዓት ያስይዟት ጀመር፤ ከጎረቤት ሴቶች ጋር የስለቱ ክርክር እንደገና ተነሥቷል። አሁንም አቋማቸው ያው ነው፤ ከሰጠች ሰጠች። እናቴ የለችም እንጂ ብትኖር መልሱን ታውቀው ነበር።

በዚያው ሰሞን እኅቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለች። ልጇ እዚያ የተወለደች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለችም፣ ፊደል ግን አትለይም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለማስነበብ ስንት ጊዜ ሞክራ ትታዋለች። አሁን እናትና ልጅ ማታ ማታ ስልክ ላይ አብረው ያዩታል፤ ልጅቷ ያልገባትን ቃል እየጠየቀች። «ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለህ?» አለችኝ እኅቴ። «ሰብለ ለምን በዛብህን ማግባት አትችልም ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ‹ሰውየው ትክክል እየተናገረ ለምን እብድ ይሉታል?› አለችኝ። ጉዱ ካሣን ነው።»

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ያዳግተኛል። በአንድ ጫፍ ማንበብ ያልታደሉት እማማ አሉ፤ በሌላው ጫፍ ፊደሉን ያላገኘችው የእኅቴ ልጅ አለች። መጽሐፉ የሁለቱም ነው፤ ሁለቱም ግን በገጹ በኩል ሊገቡበት አልቻሉም። «መጽሐፍ ይነበብ እንጂ አይታይ» የምንል ሰዎች ማንበብ የቻልን ሰዎች ነን። ይህን ለቲቸር ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «የእኅትህን ልጅ ፊደል አስቆጥራት» አለችኝ። በቪዲዮ እሷው ልታስተምራት ተስማምተዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።

አሁን ወንበሩ ላይ የሚነሣው ስም «ኦሮማይ» ነው። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. እንደወጣ ከገበያ ተሰብስቦ፣ ደራሲው በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል። የታሪኩ ዋና ሰው ጸጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው፤ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ይሄዳል፤ እዚያ ፊያሜታ ጊላይን ይወዳል። ካሜራማኑ ይህን መጽሐፍ ሲያነብ እንቅልፍ አጥቷል። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፊያሜታን ማን ይጫወታል?

እኔ የነገርሁት ሌላ ነው። አሥመራን፣ የፍቅሩንም ትዕይንት ተወውና መጀመሪያ ስብሰባዎቹን ጻፍልን። ሹማምንቱ ስለ ጦርነቱ በትልልቅ ቃላት ሲናገሩ ጸጋዬ በልቡ የሚለውን እንዴት እንደምታሳይ እንይ፤ በዓሉ ዋጋ የከፈለው እዚያ ላይ ነው። ልጁ አልተቀየመም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን ትዕይንት በደብተር ጽፎ አመጣ። የኔታ አነበቡና ሰዎቹ ሁሉ በአንድ አፍ የሚናገሩ ናቸው ብለው መለሱለት፤ ቲቸር ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ ዳርዳሩ ላይ ማረም ጀምራለች።